ማርኮ ፖሎ፤ እውነት ተናግሮ ያልታመነው መንገደኛ

ስለ ዓለም አስደናቂ ነገሮች የሚነገር ወሬ ሁሉ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። ሰሚው ከለመደው ነገር ጋራ ሳይስማማ ሲቀር እውነቱም ቢሆን ውሸት ይባላል፤ ሰሚው ከሚመኘው ነገር ጋራ ሲስማማ ደግሞ ውሸቱም ቢሆን እውነት ይመስላል። ይህ ፈተና በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ የቬኒሱን ነጋዴ የማርኮ ፖሎን ታሪክ ቢመለከት ይበቃዋል። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማርኮ ፖሎ በ1254 ዓ.ም. በኢጣልያ ምድር በቬኒስ ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ቬኒስ ራሷን የቻለች መንግሥት ስትሆን፣ ኑሮዋም በባሕር ንግድ የተመሠረተ ነበር። አባቱ ኒኮሎና አጎቱ ማፌኦ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ ለንግድ ወጥተው በዚያው ቀሩ። በኋላቸው የነበረው መንገድ በጦርነት ስለ ተዘጋባቸው ወደ ኋላ መመለሱን ትተው ወደ ምሥራቅ እየራቁ ሄዱ፤ በመጨረሻም ከሞንጎሎች ንጉሠ ነገሥት ከኩብላይ ካን ዘንድ ደረሱ። በ1269 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ የማርኮ እናት ሞታ፣ ልጁም የ15 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ አገኙት።

ኩብላይ ካን የታወቀው የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱን ወንድማማቾች ሲያሰናብት የክርስትናን ሃይማኖትና ልዩ ልዩ ጥበብን የሚያውቁ 100 ሊቃውንት ከሮማው ፓፓ ዘንድ እንዲያመጡለት፣ ከኢየሩሳሌምም ከጌታችን መቃብር መብራት ጥቂት ዘይት እንዲይዙለት አዟቸው ነበር። ነገር ግን ፓፓ ቀሌምንጦስ 4ኛ በ1268 ዓ.ም. አርፈው ስለ ነበር፣ ካርዲናሎቹም ሦስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ በምርጫ ሳይስማሙ ስለ ቆዩ፣ ጉዳዩን የሚፈጽምላቸው ሰው ጠፋ። ነጋዴዎቹ መጠበቁ ስለ ሰለቻቸው በ1271 ዓ.ም. ማርኮን ይዘው ጉዞ ጀመሩ። አዲሱ ፓፓ ጎርጎርዮስ 10ኛ በተመረጡ ጊዜ የሰጧቸው 100 ሊቃውንት ሳይሆን ሁለት መነኮሳት ነበሩ። እነሱም አርመን አገር ሲደርሱ የጦርነት ወሬ ሰምተው ተመለሱ። ስለዚህ ኩብላይ ካን በ100 ሊቃውንት ፈንታ ያገኘው አንድ የነጋዴ ልጅ ሆነ።

ጉዞው ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ። መንገደኞቹ በፋርስ በኩል እስከ ሆርሙዝ ወደብ ወርደው መርከብ ለመያዝ አስበው ነበር። ነገር ግን የወደቡ መርከቦች ያለ ብረት ምስማር በኮኮናት ገመድ የተሰፉ መሆናቸውን አይተው ባሕሩን ትተው በየብስ ለመሄድ ቈረጡ። የፓሚርንም ተራራ በተሻገሩ ጊዜ ማርኮ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ይኸውም በዚያ ከፍታ ላይ እሳት እንደ ቈላው አገር እንደማያቃጥልና ምግብም ቶሎ እንደማይበስል ነው። ምክንያቱ ብርዱ መስሎት ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ከፍ ባለ ቦታ አየር ስለሚሳሳ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት መፍላቱ ነው። በደጋ አገራችን ባቄላ ለመቀቀል የምትደክም እናት ሁሉ የምታውቀውን ነገር የቬኒሱ ልጅ በፓሚር አገኘው። ምክንያቱን ቢስትም ያየውን አልሳተም።

በ1275 ዓ.ም. ገደማ ከኩብላይ ካን የበጋ ቤተ መንግሥት ሻንግዱ ከተባለው ስፍራ ደረሱ። ማርኮ ሃያ አንድ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሩቅ አውራጃ የላካቸው መልእክተኞች ተመልሰው የተላኩበትን ጉዳይ ብቻ ሲነግሩት፣ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ ግን ምንም የማያውቁ ሲሆኑ እንደ ሞኞች ይቈጥራቸው ነበር። ማርኮ ይህን ጠባይ አስተዋለ። ስለዚህ በተላከበት ሁሉ ሕዝቡ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚገበያይ፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚቀብር ሁሉ እየጠየቀ ለጌታው የሚነግረውን ያጠራቅም ጀመር። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ አገልግሎት መቆየቱን መጽሐፉ ይናገራል። በኋላ ዓለምን ያስደነቀው መጽሐፍ ሥሩ ይህ የመልእክተኛነት ልማድ ነው።

ካያቸው ነገሮች ጥቂቱን እንጥቀስ። በቻይና ከተራራ ተቈፍሮ እንደ ማገዶ የሚነድ፣ ከእንጨትም ይልቅ እሳት የሚይዝ ጥቁር ድንጋይ አየ። ዛሬ የድንጋይ ከሰል የምንለው ነው። ከዚህም በቀር የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ ልጥ የወረቀት ገንዘብ እየተሠራ፣ በቀይ ማኅተም እየታተመ በግዛቱ ሁሉ እንደ ወርቅ ሲዘዋወር ተመለከተ። የተቀደደ ወረቀት የያዘ ሰው ከመቶ ሦስት ከፍሎ አዲስ ይለወጥለት ነበር። በአውሮፓ የባንክ ወረቀት ገንዘብ ስዊድን ውስጥ የወጣው በ1661 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የቬኒስ ነጋዴዎች ወረቀት ተሰጥቶ ዕንቍ ይገዛበታል ሲባሉ ቢስቁ አያስገርምም።

የፖስታውም ሥራ እንዲሁ ነበር። በየ25 ማይሉ ፈረስ የሚለወጥበት ጣቢያ ነበረ፤ በየሦስት ማይሉ ደግሞ በወገባቸው ላይ ቃጭል የታጠቁ ሯጮች ይኖሩ ነበር። ቃጭሉ ከሩቅ ሲሰማ ተቀባዩ ተዘጋጅቶ ይቆይና ጥቅሉን ተቀብሎ ይሮጣል። በዚህም ዐይነት ጧት በዋና ከተማው በዛሬዋ ቤይጂንግ የተለቀመ ፍሬ በማግሥቱ ማታ የአሥር ቀን መንገድ ከሚያስኬደው ከሻንግዱ ይደርስ ነበር ይላል።

ደግሞ እሳት ውስጥ ሲጣል የሚነጣ እንጂ የማይቃጠል ጨርቅ ነበር። አውሮፓውያን ይህ ጨርቅ ሳላማንደር ከሚባል በእሳት ውስጥ ከሚኖር እንስሳ የተሠራ ነው ይሉ ነበር። ማርኮ ግን ነገሩ የእንስሳ ሳይሆን ከተራራ ተቈፍሮ የሚወጣ ማዕድን መሆኑን ገለጸ። አስቤስቶስ ይህ ነው፤ ለሳንባ ጎጂ መሆኑ ታውቆ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። በሱማትራ ደሴትም አውራሪስን ባየ ጊዜ በተረት የተነገረለት መልከ መልካም ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ይህ ጭቃ ወዳድ አስቀያሚ ፍጥረት መሆኑን ጻፈ።

ከሁሉም ይልቅ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚያሰኘን ስለ ጨው የተናገረው ነው። በደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች ሕዝቡ ጨውን አፍልቶ፣ በቅርጽ እያወጣ፣ የገዢውን ማኅተም እያተመ እንደ ገንዘብ ይጠቀምበት ነበር። ዋጋውም በየቦታው ይለያያል፤ ከተማ አጠገብ 80 የጨው ቍራሽ የሚያወጣውን ወርቅ ራቅ ባለው ተራራ ላይ በ60፣ በ50 ወይም በ40 ቍራሽ መግዛት ይቻላል። አሞሌ ከአፋር ምድር እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እንዴት እንደሚጨምር ያዩ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ አንዳች አይደንቃቸውም ነበር። እንግዲህ ለቬኒስ ሰው ተረት የሚመስለው ለኛ የገበያ ነገር ነው።

ፖሎዎች ወደ አገራቸው ለመመለስ ፈቃድ ያገኙት በአጋጣሚ ነው። የፋርስ ገዢ የነበረው ሞንጎሉ አርጉን ሚስቱ ስለ ሞተችበት ከወገኗ ሌላ እንዲሰጡት ሦስት መልእክተኞች ወደ ኩብላይ ካን ላከ። ልዕልቲቱን በባሕር ለማድረስ 14 መርከቦች ሲሰናዱ ሦስቱ ቬኒሳውያን አብረው ተላኩ። ከመርከበኞቹ ሌላ 600 ሰው ተሳፍሮ አብዛኛው በመንገድ እንዳለቀ፣ ከሦስቱ መልእክተኞችም አንዱ ብቻ እንደ ተረፈ መጽሐፉ ይናገራል። ልዕልቲቱ ስትደርስ አርጉን ሞቶ ስለ ነበር ለልጁ ለጋዛን ተዳረች። ፖሎዎች ቬኒስ የገቡት በ1295 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከወጡ 24 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ማርኮ ግን ዕረፍት አላገኘም። ቬኒስና ጄኖቫ በሚዋጉበት ጊዜ በጠላት እጅ ወድቆ በ1298 ዓ.ም. በጄኖቫ ወህኒ ቤት ታሰረ። እዚያም የጀግኖችን ታሪክ የሚጽፍ ሩስቲኬሎ የተባለ የፒዛ ሰው አብሮት ታስሮ ነበር። አንዱ እየተናገረ ሌላው እየጻፈ መጽሐፉ በወህኒ ቤት ተወለደ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ወደ 140 የሚጠጉ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ የእጅ ጽሑፎች ግን እስካሁን ይገኛሉ።

ማርኮ ከእስራት ተፈቶ ሚስት አገባ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለደ። ሕዝቡ ግን ቃሉን በጥርጣሬ ይሰማው ነበር። ሚሊዮን የሚል ቅጽል ስም የተሰጠው ቍጥር ማብዛት ስለሚወድ ነው የሚሉ አሉ። በሞት አልጋ ላይ በተኛም ጊዜ ወዳጆቹ ለነፍሱ ሲሉ ያልሆነውን ነገር እንዲያስተባብል ለመኑት፤ እሱ ግን ካየው እኵሌታውን እንኳ እንዳልተናገረ መለሰ ተብሎ ተጽፏል። በጥር 9 ቀን 1324 ዓ.ም. ኑዛዜውን አድርጎ፣ ጴጥሮስ የሚባለውን ታታር ባሪያውን ነፃ አውጥቶ፣ በ70 ዓመቱ ገደማ ዐረፈ።

ይህን ስንል ማርኮ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው ማለታችን አይደለም። ስሕተቱ የሚበዛው ግን በሰማው እንጂ ባየው አይደለም። ዝሆን አንሥቶ የሚበር ወፍ በማዳጋስካር አለ ያለው ሰምቶ ነው። ስለ አገራችንም አባሽ ብሎ አንድ ምዕራፍ ጽፏል፤ እግሩ ግን አገራችንን አልረገጠም። በ1288 ዓ.ም. የሐበሻ ንጉሥ ወደ ኢየሩሳሌም የላከውን ጳጳስ የኤደን ሱልጣን ይዞ ለማዋረድ በግድ ገረዘው፤ ንጉሡም ተቈጥቶ ዘምቶ ድል አደረገ ይላል። ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት አገር ያደገ አንባቢ ወሬው በብዙ አፍ ዞሮ እንደ መጣ ወዲያው ይገባዋል።

የሚያስገርመው ደግሞ ሰዎች የተጠራጠሩትንና የተከተሉትን መመልከት ነው። ማርኮ ወደ ጃፓን ሳይሄድ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ጣራ ወርቅ ነው ሲባል ሰምቶ ጽፎ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይና የወረቀቱ ገንዘብ ሲያስቁ የወርቁ ጣራ ግን ልብ ሳበ። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. አትላንቲክን ሲሻገር ይህችኑ የወርቅ ደሴት ይፈልግ ስለ ነበር ኩባን ባየ ጊዜ እሷ መሰለችው። በገዛ እጁ ማስታወሻ የጻፈበት የማርኮ መጽሐፍ በስፔን በሴቪያ ከተማ ተቀምጦ ይገኛል። ማካሮኒንም ማርኮ ከቻይና አመጣው የሚለው ወሬ እንዲሁ ደስ ስለሚል ብቻ የሚታመን ነው፤ ማርኮ ከመወለዱ መቶ ዓመት በፊት በ1154 ዓ.ም. አል ኢድሪሲ የተባለው ጸሐፊ በሲሲሊ ደሴት ፓስታ እየተሠራ ወደ ሌላ አገር እንደሚሸጥ ጽፎ ነበርና።

በ1995 ዓ.ም. ፍራንሲስ ዉድ የተባሉ እንግሊዛዊት ምሁር ማርኮ ስለ ታላቁ ግንብና ስለ ሻይ አንዳች አለመጻፉን፣ በቻይና መዝገብም ስሙ አለመገኘቱን ጠቅሰው ቻይና መድረሱን ተጠራጠሩ። ነገር ግን ዛሬ ጐብኚዎች የሚያዩት ግንብ በብዛት የተሠራው ከ1368 ዓ.ም. በኋላ በነገሠው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። አስቀድሞም በ1941 ዓ.ም. ያንግ ጂጂዩ የተባለ ቻይናዊ የታሪክ ሊቅ በ1290 ዓ.ም. የተጻፈ የመንግሥት ትእዛዝ አግኝቶ ነበር፤ በዚያም ወደ አርጉን የሚሄዱት ሦስት መልእክተኞች ስማቸው ማርኮ እንደ ጻፈው ሆኖ ተገኝቷል። የማርኮ ስም የለበትም፤ ሦስቱን ስም ግን አብሮ ያልተጓዘ የቬኒስ ሰው ከየት ሊያገኘው ይችላል? ጀርመናዊው ሊቅ ሃንስ ኡልሪክ ፎግልም ስለ ጨውና ስለ ወረቀት ገንዘብ የጻፈውን ከቻይና መዛግብት ጋራ አስተያይቶ ትክክል ሆኖ አግኝቶታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ይህ ነው።

ስለ ዓለም አስደናቂ ነገሮች ለማንበብ የምንወድ ሁሉ ከዚህ ሰው ታሪክ የምንይዘው ነገር አለ። እንግዳ የሆነውን ሁሉ ውሸት ማለትም፣ ደስ የሚለውን ሁሉ እውነት ማለትም ያው አንድ ስንፍና ነው። በተለይ በትምህርትና በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉት ወጣቶቻችን ሪፖርት ሲጽፉ በዓይናቸው ያዩትን ለብቻ፣ ከሰው የሰሙትን ለብቻ ቢያኖሩ፣ ሌላው ሰው ሰባት መቶ ዓመት ቈይቶም ቢሆን መርምሮ ሊደርስበት ይችላል።