ቅዱስ ቶማስ ሞር፦ ፍርሃቱን ያልደበቀ ሰማዕት

ሰማዕት ሲባል ብዙዎቻችን ፍርሃት ከቶ ያልጎበኘው ሰው ይመስለናል። የቅዱስ ቶማስ ሞር ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። እርሱ ሥቃይንና ሞትን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ይህንንም አልሸሸገም።

ቶማስ በ1478 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በለንደን ከተማ ከሕግ ዐዋቂው ከጆን ሞር ተወለደ። በወጣትነቱ ሕግ እየተማረ በካርቱዛውያን መነኮሳት ገዳም አጠገብ በጸሎትና በጾም አራት ዓመት ያህል ቆየ። በመጨረሻ ጥሪው ትዳር መሆኑን ተረድቶ አገባ፤ አራት ልጆችም ወለደ። በ1529 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሎርድ ቻንስለር አድርጎ ሾመው። ይህም በአገራችን ከጸሐፌ ትእዛዝነት ጋር የሚቀራረብ፣ የንጉሡን ማኅተም የመጠበቅና የመፍረድ ታላቅ ሥልጣን ነበረ። ከሹመት ልብሱ በታች ግን ማቅ ይለብስ ነበር።

ንጉሡ ከሚስቱ ከካትሪን ጋር የፈጸመው ተክሊል ፈርሶለት አን ቦሊንን ለማግባት ፈለገ። ሮም እሺ ባላለችው ጊዜ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ከራሱ ሥልጣን በታች ማድረግ ጀመረ። በግንቦት 1532 የካህናቱ ጉባኤ ለንጉሡ ፈቃድ በተገዛ ማግስት ቶማስ ሹመቱን አስረከበ። በ1534 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትን ሥልጣን የሚያስክድ መሐላ ቀረበለት። የአን ቦሊን ልጆች ዙፋን መውረሳቸውን ለመቀበል ቢፈቅድም፣ መሐላውን እንደ ተጻፈ ለመማል ሕሊናው አልፈቀደለትም። የማሉትን ግን አልወቀሰም። ስለዚህም በለንደን ግንብ ታሰረ።

በዚያ የምትወደው ልጁ ማርጋሬት ሳትቀር እንዲምል ለመነችው። እርሱም ከመታሰሩ አስቀድሞ ሚስቱ ተኝታ ሳለች የሚመጣበትን አደጋ እያሰበ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ገለጠላት። ልቡ ቢከዳው ግን በባሕር ላይ መስጠም እንደ ጀመረው እንደ ጴጥሮስ ወደ ክርስቶስ ሊጮኽ ቈርጦ ነበር።

ታዲያ ይህ ፈሪ ሰው እንዴት ጸና? በእስር ሳለ በላቲን የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ መልሱን ይሰጠናል። የሚናገረውም ጌታችን በጌቴሴማኒ ስላደረበት ኀዘንና ፍርሃት ነው። እንደ ቶማስ ትምህርት፣ ክርስቶስ ደም እስኪያልበው ድረስ መጨነቅን የፈቀደው ልባቸው የሚርድ ልጆቹ ተስፋ እንዳይቈርጡ ነው። ደፋሩ የሚመስላቸው ብዙ ሰማዕታት አሉት፤ ፈሪውን ግን ራሱ ክርስቶስ ፊት ፊቱ ሄዶ ይመራዋል። መፍራት ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ በፍርሃት እውነትን መካድ ነው። ስለዚህ ቶማስ ሞትን አልተሻማም፤ ሕግ እስከ ፈቀደለት ድረስ በዝምታ ራሱን ጠበቀ። መጽሐፉ ኢየሱስ በተያዘበት ስፍራ ላይ ይቆማል። በሰኔ 1535 መጻሕፍቱና የጽሕፈት ዕቃው ተወሰዱበት። በገዛ እጁ የጻፈው ቅጂ ዛሬም በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ይገኛል።

ሐምሌ 1 ቀን 1535 በሐሰት ምስክር ተፈረደበት። ሐምሌ 6 ቀን ወደ መግደያው ስፍራ ሲወጣ እንደ ልማዱ ቀለደ፤ ገዳዩንም አበረታታው። ለንጉሡ ታማኝ፣ ከንጉሡ አስቀድሞ ግን የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ እንደሚሞት መስክሮ አንገቱን ሰጠ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1935 ከሰማዕቱ ጳጳስ ከጆን ፊሸር ጋር ቅድስናውን ዐወጁ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ2000 የመንግሥት መሪዎችና የፖለቲካ ሰዎች ጠባቂ አድርገው ሰየሙት።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እኛም እንጀራችንን እንዳናጣ፣ አለቃ እንዳይቈጣን፣ ወዳጅ እንዳይርቀን እየፈራን እውነትን የምንውጥበት ጊዜ አለ። ጀግና ለመምሰል ፍርሃታችንን በመደበቅ አንድከም። ይልቁንም እንዳለ ይዘነው በጌቴሴማኒ ከጌታችን አጠገብ እንንበርከክ፤ ለጴጥሮስ የተዘረጋች እጅ ለእኛም ትዘረጋለችና። የቅዱስ ቶማስ ሞር አማላጅነት አይለየን። አሜን።