ከበረዶ ባሕር የተመለሱ ሰዎች፦ የኧርነስት ሻክልተን ታሪክ

ለእኛ በረዶ ማለት በክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ልጆች እየተሻሙ ከለቀሙት በኋላ ወዲያው ውሃ ሆኖ የሚቀር ነገር ነው። ሰው ድንኳን ተክሎ ወራት የሚቀመጥበት፣ ከወፍራም እንጨት የተሠራ መርከብ እንደ ሸምበቆ የሚሰብር በረዶ መኖሩን በዓይነ ኅሊና ማየት ያስቸግራል። እኔም የዚህን ሰው ታሪክ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት አግኝቼ ሳነብ ያስቸገረኝ ይኸው ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኧርነስት ሻክልተን በ1874 ዓ.ም. በአየርላንድ ኪልኬ በሚባል የገጠር ቦታ ተወለደ። ዐሥር ልጆች ካሉበት ቤት ሁለተኛው ልጅ ነበር። አባቱ ግብርናውን ትተው ሕክምና ተማሩና ቤተሰቡን ይዘው ወደ ለንደን ተሻገሩ። ልጃቸውም እንደ እርሳቸው ሐኪም ቢሆን በወደዱ ነበር፤ ልጁ ግን በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በሸራ መርከብ ላይ ተቀጠረ። በ24 ዓመቱ መርከብ ለማዘዝ የሚያበቃውን ማስረጃ ያዘ።

በዚያን ዘመን የሰው እግር ያልረገጠው ትልቁ ነገር የደቡብ ዋልታ ነበር። ሻክልተን መጀመሪያ በካፒቴን ስኮት መሪነት ሄደ፤ በ1902 መጨረሻ ከስኮትና ከዶክተር ዊልሰን ጋር በዚያ አቅጣጫ ከማንም ሰው ርቆ ተጓዘ። ነገር ግን ትኩስ ምግብ በማጣት የሚመጣው፣ ድድን የሚያደማው ስከርቪ የተባለው በሽታ ክፉኛ ስለጣለው ጓደኞቹ በዚያው ሲቀሩ እርሱ ወደ አገሩ ተላከ። ይህ ነገር በልቡ ቀረ።

በ1907 በራሱ መሪነት ተመልሶ ሄደ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጥር 9 ቀን 1909 ለዋልታው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲቀረው ቆመ። ስንቁን ሲያሰላው ዋልታውን መድረስ ይቻል ይሆናል፤ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ፊቱን አዞረ። በመንገድም ከጓደኞቹ አንዱ የነበረው ፍራንክ ዋይልድ ሲደክም የራሱን የዕለት ብስኩት አስገድዶ አበላው። አራቱም በሕይወት ተመለሱ። ብዙ ሰዎች የሻክልተንን ጀግንነት ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ይለኩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ዕድሜ ልክ የተመኙትን ነገር በቅርብ ርቀት አይቶ መተው ቀላል አይደለም። ስኮት ከሦስት ዓመት በኋላ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ዋልታው ደርሶ፣ አምስቱም ሲመለሱ በመንገድ አልቀዋል። ቀድሞ የደረሰውም በታኅሣሥ 1911 የኖርዌዩ አሙንድሰን ነበር።

ዋልታው በሌላ ሰው ከተያዘ በኋላ ሻክልተን ሌላ ነገር አሰበ፤ የአንታርክቲካን አህጉር ከዳር እስከ ዳር፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በእግር መሻገር። መርከቡ ኢንዱራንስ ትባል ነበር፤ መጽናት ማለት ነው። ነሐሴ 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣበት ሳምንት ከእንግሊዝ ተነሣች። በላይዋ ላይ 28 ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ ብላክቦሮው የሚባል ተደብቆ የገባ ወጣት ነው።

ጥር 1915 በወዴል ባሕር በረዶው ዙሪያውን ረግቶ ያዛት። ዐሥር ወር ሙሉ ከበረዶው ጋር ተንሳፈፈች። በመጨረሻ ጎኗ እየተጨመቀ፣ ሳንቃዋ እየጮኸ ተሰባበረች፤ ጥቅምት 27 ቀን ሰዎቹ ወደ በረዶው ወረዱ፣ ኅዳር 21 ቀን ሰጠመች።

ያን ጊዜ ሻክልተን እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ የግል ዕቃ ብቻ እንዲይዝ አዘዘ። ምሳሌ ለመሆን የራሱን የወርቅ ሳንቲሞች በበረዶው ላይ ጣላቸው። ንግሥት አሌክሳንድራ ለመርከቡ የሰጠችውን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው አኖረው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የንግሥቲቱ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ፣ መዝሙር 23ን፣ ከመጽሐፈ ኢዮብም ስለ በረዶ የሚጠይቀውን ገጽ ቀድዶ ያዘ። ከመርከበኞቹ አንዱ መጽሐፉን ጥሎ መሄድ መዓት ያመጣል ብሎ ፈርቶ በስውር አንሥቶ ተሸከመው። ሻክልተን እንዳይጣል ያዘዘው አንድ ከባድ ዕቃ የሐሲን ባንጆ ነበር፤ እንደ ክራር የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከወርቅ ይልቅ ዘፈን ያስፈልጋቸዋል ብሎ መፍረዱ ሰውን ማወቁን ያሳያል።

በበረዶው ላይ አምስት ወር ተኩል ቆዩ። ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳና ፔንግዊን እየበሉ ኖሩ፤ ውሾቻቸውን ሳይቀር ገደሉ። ሚያዝያ 1916 በረዶው ሲሰነጠቅ በሦስት ጀልባዎች ገብተው ኤለፋንት ወደምትባል ደሴት ደረሱ። መሬት ከረገጡ 497 ቀን ሆኗቸው ነበር። ደሴቲቱ ግን ባዶ ናት፤ መርከብም በዚያ አያልፍም።

ሻክልተን አምስት ሰዎች መርጦ ጄምስ ኬርድ በምትባል 7 ሜትር በማትሞላ ጀልባ በዓለም ላይ ከሁሉ የከፋውን ባሕር ለመሻገር ተነሣ። አናጢው ማክኒሽ የጀልባዋን ጎን ከፍ አደረገ፣ ላይዋን በእንጨትና በሸራ ሸፈነ፣ ስንጥቋን በቀለምና በሲል ደም ደፈነ። ዐሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ውሃ እየቀዱ፣ በላይዋ የሚረጋውን በረዶ እየፈነከቱ ተጓዙ። መንገድ መሪው ዎርስሊ ፀሐይን አይቶ ለመለካት የቻለው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ግንቦት 10 ቀን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደቡብ ጆርጂያ ደሴትን አገኟት። ነገር ግን ዓሣ ነባሪ አጥማጆቹ የሚኖሩት በወዲያኛው ጎን ነበር፤ በመካከል ማንም ያልተሻገረው የበረዶ ተራራ አለ።

ሁለቱ ታመው ስለነበር አንድ ጠባቂ ከነሱ ጋር ትቶ፣ ከዎርስሊና ከክሪን ጋር ተነሣ። የያዙት አንድ ገመድ፣ የአናጢ መጥረቢያና እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ የተመታ ብሎን ነበር። 36 ሰዓት ያህል ተጓዙ። አንድ ጊዜ ጓደኞቹ ሲያንቀላፉ፣ ሁሉም ከተኙ እንደማይነሡ ስላወቀ በአምስት ደቂቃ ቀሰቀሳቸውና ግማሽ ሰዓት ተኝታችኋል አላቸው። ማለዳ የፋብሪካውን ፊሽካ ሰሙ። አጥማጆቹ ዘንድ ሲደርሱ የጣቢያው ኃላፊ አላወቃቸውም። እነሱም ጦርነቱ መቼ እንዳለቀ ጠየቁ፤ አላለቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሻክልተን በጻፈው መጽሐፍ፣ ተራራውን ሲሻገሩ ሦስት ሳይሆኑ አራት የሆኑ ይመስለው እንደነበር ገልጿል። ጓደኞቹም ሳይነጋገሩ እንዲሁ ተሰምቷቸው ነበር። በእቶን እሳት ውስጥ የነበሩትን የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ ምን እንደሚመጣብን መናገር አያስፈልግም። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ያመጣው ነው የሚሉም አሉ። ሻክልተን ግን የእግዚአብሔር መግቦት እንደመራቸው አልተጠራጠረም።

በኤለፋንት ደሴት የቀሩት 22 ሰዎች በሁለት የተገለበጡ ጀልባዎች ሥር ይኖሩ ነበር። ብላክቦሮው በውርጭ የሞቱ የእግር ጣቶቹን በዚያው ተቆርጠውለታል። ዋይልድ አለቃው ዛሬ ይመጣ ይሆናል እያለ በየማለዳው ዕቃቸውን ያስጠቀልላቸዋል። ሻክልተን ሦስት ጊዜ ሞክሮ በረዶ መለሰው፤ በአራተኛው የቺሊ መንግሥት በሰጠው የልቾ በምትባል ትንሽ መርከብ ነሐሴ 30 ቀን ደረሰ። ከሩቅ ቆጠራቸው፤ ሁሉም ነበሩ።

ስለዚህ ሰው ሲነገር አንድም ሰው አልሞተበትም ይባላል፤ ይህ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በአህጉሩ በወዲያኛው ዳር ስንቅ ሊያኖሩለት ከተላኩት መካከል ሦስቱ ሞተዋል፤ አንዱ ስፔንሰር ስሚዝ የሚባል ካህን ነበር። ስንቁን ግን ላልመጣ ሰው አደራ ብለው አኑረውታል። ደግሞም አናጢው ማክኒሽ በበረዶው ላይ ሳለ አንድ ቀን ጀልባ አልጎትትም ብሎ ስላመፀ ሻክልተን ሜዳሊያ እንዳይሰጠው አደረገ። ያለዚያ ሰው እጅ ጀልባይቱ ከባሕሩ ባልወጣች ነበር። ይህን ቂም ልረዳው ሞክሬ አልቻልሁም።

ሻክልተን ገንዘብ መያዝ አያውቅም፤ ከቤቱም ይልቅ በባሕር ላይ ኖረ፤ ሚስቱ ኤሚሊ ሦስቱን ልጆች ያሳደገችው በአብዛኛው ብቻዋን ነው። በ1921 እንደገና ወደ ደቡብ ሄደ፤ ጥር 5 ቀን 1922 በደቡብ ጆርጂያ ወደብ፣ መርከቡ ውስጥ ሳለ በልብ ድካም ዐረፈ። ዕድሜው 47 ነበር። አስከሬኑ ወደ እንግሊዝ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ኤሚሊ በዚያችው ደሴት ይቀበር ብላ መልእክት ላከች፤ መጋቢት 5 ቀን ከአጥማጆቹ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ልክ በመቶኛው ዓመት፣ መጋቢት 5 ቀን 2022፣ ተመራማሪዎች ኢንዱራንስን በ3,008 ሜትር ጥልቀት ከባሕሩ ወለል ላይ አገኟት። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ስሟም በኋላዋ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።