የበረዶውን ባሕር ጥልቀት የለካ ሰው

ፍሪትዮፍ ናንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ተወለደ። በዘመኑ የሰሜን ዋልታ ባሕር ጥልቀት የሌለው ይመስል ነበር። በ1893 ዓ.ም. ናንሰን ከ12 ባልደረቦቹ ጋር ፍራም በምትባል መርከብ ሄዶ፥ ሆን ብሎ በበረዶው ውስጥ አስያዛት። ብዙ ሊቃውንት ሞት ነው ብለው ነበር።

ለመለኪያ የያዙት ገመድ ከባሕሩ ወለል ሳይደርስ አለቀ። ስለዚህ በብርቱ ብርድ የመርከቢቱን የብረት ገመድ ፈትተው፥ ክሮቹን እየቀጠሉ ሌላ ሠሩ። ባሕሩም ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቅ ሆኖ ተገኘ። በ1896 ዓ.ም. ሁሉም በደኅና ተመለሱ።

ኋላ የመጡ ሊቃውንት በዚያ ወለል ላይ የምድር ቅርፊት የሚለያይበትን የተራራ ሰንሰለት አገኙ፤ አዳማ ያለችበት ስምጥ ሸለቆም በዚሁ ዓይነት መለያየት የተፈጠረ ነው።

ናንሰን ስደተኞችን በመርዳቱ በ1922 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሎ፥ በ1930 ዓ.ም. ዐረፈ። እኛም ተማሪዎች ገመዳችን ቢያጥር መቀጠል እንጂ መተው አይገባንም።