ዶክተር አሎይስ አልዛይመር (1864–1915)

በየቁምስናችን አንድ አረጋዊ የልጃቸውን ስም ሲረሱ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን፤ አንዳንዴም ክፉ መንፈስ ነው ይባላል። ይህ ሁኔታ የአንጎል ሕመም ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት ሐኪሞች አንዱን ዛሬ እናስታውሳለን።

አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1864 በጀርመን አገር በማርክትብራይት ከካቶሊካውያን ወላጆች ተወለዱ። በ1888 በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ ከኃላፊያቸው ከኤሚል ሲዮሊ ጋርም ሕሙማንን አስሮ መያዝ እንዲቀር ደከሙ።

በ1901 ባለቤታቸው ሦስት ልጆች ትተው አረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አውጉስተ የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ስማቸውን ጽፈው መጨረስ እንኳ አልቻሉም። ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀምጠው በትዕግሥት ይጠይቋቸው፣ መልሳቸውንም ይመዘግቡ ነበር። ሴትዮዋ በ1906 ሲሞቱ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መርምረው ጉዳቱን አገኙ። በቱቢንገን ጉባኤ ሲያቀርቡት ግን ጠያቂ አልተነሣም። በ1910 መምህር ክሬፐሊን በሽታውን በእርሳቸው ስም ጠሩት።

በሙኒክ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ እየሠሩ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞችን አስተማሩ። በ1912 በብሬስላው ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1915 በ51 ዓመታቸው አረፉ።

በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ሸክሙ በአስታማሚ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ካቴኪስቶቻችን ሆይ፣ ሕመምተኛውን ስንጎበኝ አስታማሚዋ ጥቂት እንድታርፍ አንድ ሰዓት እንተካላት። ሽማግሌው እኛን ቢረሱ፣ እኛ አንርሳቸው፤ እግዚአብሔርም አይረሳቸውም።