የምኒልክ ፎቶ አንሺና የቡናማው ወረቀት ነገር

በየቤታችን ግድግዳ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶዎች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ጥቁርና ነጭ እንላቸዋለን እንጂ ብዙዎቹ ጥቁርም ነጭም አይደሉም፤ ጥላው ወደ ቡና፣ ብርሃኑ ወደ ክሬም ያደላል። እኔ ማጀቴ ተቀምጬ ዛሬም ፎቶ በእጄ አትማለሁ። አዛውንቶቻችን የሚወዱት ያንን ሞቅ ያለ ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ግን ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ በአቅም እንዴት ይገኛል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሙሴ ቤድሮስ ቦያጂያን ሕይወት ትዝ ይለኛል።

ሙሴ ቤድሮስ በኦቶማን ግዛት፣ ዲያርባኪር የተወለዱ አርመናዊ ናቸው። ዘመኑ ለአርመኖች ክፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ለመሆን በቁ።

እስቲ የዚያን ጊዜ ሥራ አስቡት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በባቡሩ የመጣ የባሕር ማዶ ዕቃ ሐዲዱ ካበቃበት ወዲህ በበቅሎና በግመል ነው የሚጓዘው። እኛ የይፋት ሰዎች፣ አልዩ አምባን የመሰለ የሲራራ ገበያ ያለን፣ የዚያን መንገድ ድካም እናውቀዋለን። የዘመኑ ፎቶ አንሺ የሚያነሳው በመስታወት ላይ ነበር፤ መስታወት ይሰበራል፣ ወረቀት በሙቀት ይበላሻል። አንድ ቅጠል ወረቀት በከንቱ አይጣልም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። በዚያ ዘመን በየአገሩ ፎቶ ቤቶች ከሚሠራባቸው ወረቀቶች አንዱ በፀሐይ የሚታተም ነበር። መስታወቱን ከወረቀቱ ጋር አጣብቀው ፀሐይ ላይ ያኖሩታል፤ ምስሉ ዓይናቸው እያየ ይወጣል። ወረቀቱን የሚቀባው የብር ክሎራይድ ነው። በፀሐይ ሲጠቁር የሚፈጥራት የብር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ናት፤ ቅንጣቷ ስትደቅ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል። ሚስጥሩ ይኸው ነው። ሞቅ ያለው ቀለም ለዚያ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ጌጥ አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ይዞት የሚወጣ ነበር። ቤልጅየማዊው ሊዮ ቤክላንድ ግን በ1890ዎቹ በፋኖስ ብርሃን የሚታተም ወረቀት ለገበያ አቀረበ፤ ፈረንጁም ቀስ በቀስ ፀሐይዋን ተዋት።

ምኒልክ ታመው በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ ተተኩ፤ ሰገሌ ላይ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ። ሰው ሲሾም ሰው ሲሻር የቦያጂያን ቤት ግን ከካሜራው አልተነጠለም። ሙሴ ቤድሮስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያርፉ ልጃቸው ሃይጋዝ ሥራውን ወረሰ፤ በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የደረሰው እሱ ነው። ከሃይጋዝ ሞት በኋላ ደግሞ ቶኒ የሚባለው ወንድሙ ቶርኮም ቀጠለ። ዛሬ የእነዚያን ነገሥታት መልክ የምናውቀው በአብዛኛው በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ድካም ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2005 የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። ዛሬ ሞቅ ያለ ቀለም የሚሰጡት የእንግሊዙ ኢልፎርድና የቼኩ ፎማ ናቸው፤ ፎማቶን የሚባለው የፎማ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ ይቀላል። ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ትንሹን መጠን እገዛለሁ። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ አስረዝሜ፣ ዴቨሎፐሩን በውኃ አቅጥኜ ቶሎ አወጣዋለሁ፤ ቅንጣቱ ሳይፋፋ ስለሚወጣ ቡናማው ይጎላል፣ መድኃኒቱም ይቆጠባል። በሻይ መንከርን የሚመክሩ አሉ፤ ሻይ ግን ነጩንም አብሮ ያቆሽሸዋል እንጂ ብሩን አይለውጠውም።

ሌላው ዋጋ ውኃ ነው። የላስቲክ ሽፋን ያለው ወረቀት በጥቂት ደቂቃ ይታጠባል፤ ተራው ወፍራም ወረቀት ግን እስከ ሰዓት ይፈልጋል። በጄሪካን ውኃ ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ለየዕለቱ ሥራ የላስቲኩን፣ ለልጅ ልጅ ለሚቀመጥ ምስል ወፍራሙን እመርጣለሁ። ከወረቀቱ ስፋት ይቀነስ፣ ከእጥበቱ ግን አይቀነስ። ፊክሰሩ በደንብ ያልለቀቀው ፎቶ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል፤ ያኔ የጠፋው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሰው መልክ ነው።

ሙሴ ቤድሮስ ካረፉ ወደ መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። ያነሷቸውም ነገሥታት አልፈዋል። ምስሉ ግን አለ። የእኛም አባቶችና እናቶች፣ ዘውድ ባይጭኑም፣ ያንን ያህል ዕድሜ ያለው ፎቶ ይገባቸዋል።