ጀበርቲው ዐሊምና የፈረንሳዮቹ ፊኛ

 

ከደባርቅ ተነስታችሁ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ዛሪማ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ ታች በላብ ይተካል። ቀና ስትሉ የሰሜን ተራሮች እጅ ቢዘረጋ የሚነኩ ይመስላሉ፤ በእግር የሞከረ ግን እውነቱን ይነግራችኋል። በቀትር ደግሞ ሜዳው ላይ ውሃ የተኛ ይመስላል፣ ስትደርሱ የለም። ዓይናችሁ አልዋሸም፤ የመጣለትን ብርሃን ነው የተቀበለው። ውሃ ነው ብሎ የፈረደው ልባችሁ ነው።

በዚህ በኩል ድሮ ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ያልፍ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ዛሬ የማወራችሁ ይህንኑ ስም ይዘው በሌላ አገር ስለኖሩ አንድ ዐሊም ነው።

ሸይኽ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ (ረሒመሁላህ) በ1753 እ.ኤ.አ. ካይሮ ተወለዱ። ዘራቸው በዘይላ በኩል ካለው የጀበርት ምድር ነው፤ ባሕሩን የተሻገሩት ሰባት ትውልድ ቀደም ብሎ ነበር። በአልአዝሀር የጀበርት ተማሪዎች የሚያድሩበትን ሪዋቅ ቤተሰባቸው ለትውልዶች መርቶታል። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን ከፊቅህ ሌላ ሒሳብና የፈለክ ዕውቀት ያስተምሩ፣ ወቅት የሚታወቅበትን የፀሐይ ሰዓትም ይሠሩ ነበር። ልጃቸው እንደመዘገቡት ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ እሳቸው ዘንድ ጂኦሜትሪ ቀርተዋል። ይህቺን ያዙልኝ።

በ1798 የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ገባ። አልጀበርቲ ወራሪዎቹን አልወደዱም፤ ስለ እምነታቸውም ስለ አዋጃቸውም የጻፉት ትችት ይቆርጣል። ሆኖም ጠላሁ ብለው ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ፈረንሳዮቹ ወዳቋቋሙት የምርምር ቤት ሄዱ። አንዱ ሰውዬ ከጠርሙስ ፈሳሽ ቀድቶ ሌላ ጨመረበት፤ ፈላ፣ ባለ ቀለም ጭስ ወጣው፣ ከዚያ ደርቆ ቢጫ ድንጋይ ሆነ። በሌላ ፈሳሽ ሰማያዊ፣ በሌላ ደግሞ ቀይ ድንጋይ አወጣ። ጥቂት ነጭ ዱቄት ብረት ላይ አድርጎ በመዶሻ ቀስ ብሎ ቢመታው እንደ ጠብመንጃ ጮኸ። እንግዶቹ ደነገጡ፣ ፈረንሳዮቹ ሳቁ። ሲነኩት ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያም አዩ፤ ሰዎች እጅ ለእጅ ከተያያዙ ሁሉንም በአንዴ ይነዝራቸዋል፤ ዛሬ ኤሌክትሪክ የምንለው ነው።

ሲሕር ነው ብለው መገላገል ይችሉ ነበር። አላሉም። እንደኛ ያለ አእምሮ የማይደርስበት ነገር መሆኑን ጻፉና አለፉ። አባታቸው አውሮፓውያንን ያስተማሩ ሰው ይህን ብዕር ላይ ማውጣት ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ግን ይበልጥ ያስገርመኛል። በዚያው ዓመት ፈረንሳዮች አዝበኪያ አደባባይ ላይ ሰው ተቀምጦበት አገር ለአገር የሚሄድበት በራሪ ነገር እናሳያለን ብለው አወጁ። ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ አልጀበርቲም አሉ። ትልቁ የጨርቅ ፊኛ በጭስ ተነፋና ተነሳ፤ ነፋስ ጥቂት ወሰደው፤ እሳት ያለበት ዕቃ ወደቀ፣ ጨርቁም ተከትሎት ወረደ። አልጀበርቲ ያወሩት ሁሉ ሐሰት ነው ብለው ደመደሙ፤ አሽከሮች ለበዓልና ለሠርግ ከሚያበሩት መጫወቻ አይለይም አሉ።

ያዩት ነገር ልክ ነበር፤ ፊኛው ወድቋል። ነገር ግን ከ15 ዓመት በፊት፣ በ1783፣ ሁለት ሰዎች በእንዲህ ያለ ፊኛ ፓሪስ ላይ በርረው በደህና ወርደው ነበር።

ልዩነቱን አስተዋላችሁ? ኬሚስትሪው ከሚያውቁት ነገር ጋር ፈጽሞ አልገጥም ሲላቸው ቆም አሉ። ፊኛው ግን የሚያውቁትን መጫወቻ ስለመሰላቸው ፈረዱ። እኛም ስልካችን ላይ ብዙ ጊዜ የምንታለለው የሚያስደንቀን ነገር ላይ ሳይሆን «ይቺንማ አውቃታለሁ» ያልነው ላይ ይመስለኛል። የምንጠላው ሰው ቪዲዮ ሲመጣ፣ ድምፁ የሱ፣ ፊቱ የሱ፤ ማሽን ይሥራው ሰው ሳንጠይቅ ሼር። ደመና ላይ ስም ተጻፈ ሲባልም እንደዚያው። የአንድ ሙስሊም ክብር በሦስት ሰከንድ ይሄዳል። በሱረቱል ኢስራእ መስሚያና ማያ ብቻ ሳይሆኑ ልብም አብሮ እንደሚጠየቅ ተነግሮናል።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ መርከቧ ጋ ቆም በሉ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ያዩት ቀዳዳ እውነተኛ ቀዳዳ ነበር። ከፊት ያለውን ንጉሥ ግን አላዩትም።

አልጀበርቲ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ልጃቸው ተገደለባቸው። ከልቅሶ ብዛት ዓይናቸው እንደጠፋ ይነገራል። በ1825 ገደማ ወደ አኺራ ሄዱ። መሐመድ ዐሊን የሚተቸው ትልቁ የታሪክ መጽሐፋቸው ታግዶ ቆይቶ ሙሉው የታተመው ከሞታቸው ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። የፊኛውም የድንጋዮቹም ታሪክ እዚያው ውስጥ አለ፣ አልተፋቀም። አላህ ይዘንላቸው።