ጋንዲ በጥብቅና ሙያው

ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ሕንድን ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ ለማውጣት በተደረገው ትግል በመሪነቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የሕዝብ መሪ ከመባሉ አስቀድሞ ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በጥብቅና ሙያ ኖሯል። ገንዘብ የሌለው፣ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅና መብቱን ያልተረዳ ሰው፣ ሕግ እያለለት ሕግ እንደሌለው ሆኖ እንደሚኖር የተገነዘበው በዚህ ሥራው ላይ ሳለ ነው።

ጋንዲ በምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በፖርባንዳር ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 2 ቀን 1869 ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በአንድ አነስተኛ የመሳፍንት ግዛት ዋና ሹም ነበር። ጋንዲ በ1888 ወደ ለንደን ሄዶ የሕግ ትምህርት ተማረ፤ በ1891ም የጠበቃነት ማዕረግ አግኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የሙያው መጀመሪያ ግን የሚያስመካ አልነበረም። በቦምቤይ ከተማ ትንንሽ የገንዘብ ክርክሮች በሚታዩበት ችሎት፣ በሠላሳ ሩፒ አንድ ጉዳይ ተቀበለ። የከሳሹን ምስክሮች ለመጠየቅ ሲነሣ ዓይነ አፋርነቱ አሸነፈው፤ ጉልበቱ ተብረከረከ፣ አንደበቱም ተሳሰረ። ወዲያው ገንዘቡን መልሶ ጉዳዩ ለሌላ ጠበቃ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ እያፈረ ከችሎቱ ወጣ። በዚያው ወራት በፖርባንዳር መሬቱ የተወረሰበት አንድ ድሃ እስላም ወደ እርሱ ቀረበ። ጋንዲ ለድካሙ ምንም ሳይቀበል አቤቱታውን ጻፈለት። በችሎት ፊት መናገር የተሳነው ወጣት፣ የድሃውን በደል በጽሑፍ አሳምሮ መግለጥ እንደሚችል የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

በ1893 ዳዳ አብዱላ የተባለ ሕንዳዊ ነጋዴ በደቡብ አፍሪካ ላለበት የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲረዳው ጋንዲን ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ቀጠረው። ጋንዲ ወደ ፕሪቶሪያ ሲጓዝ የአንደኛ ማዕረግ የባቡር ቲኬት ይዞ ሳለ፣ ቆዳው ነጭ ባለመሆኑ ብቻ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከነሻንጣው ከባቡሩ ተወረወረ። ሌሊቱን በብርድ እየተንቀጠቀጠ በጣቢያው አደረ። ወደ አገሩ ለመመለስም አሰበ፤ ነገር ግን የጀመረውን ሥራ ጥሎ መሸሽን እንደ ፈሪነት ቆጥሮ ጉዞውን ቀጠለ።

ዳዳ አብዱላ ተከራክሮ የነበረው ከገዛ ዘመዱ ከጣይብ ሼት ጋር ሲሆን፣ የተጠየቀው ገንዘብ 40,000 ፓውንድ ነበር። ጋንዲ ጉዳዩን ለመረዳት የሂሳብ አያያዝን ከመጽሐፍ አጠና። እውነቱ በአሠሪው ወገን መሆኑን ቢያረጋግጥም፣ ክርክሩ ሲጓተት የጠበቆቹ ክፍያ ሁለቱንም ባለጉዳዮች እያራቆተ መሄዱን ተመለከተ። ስለዚህ ነገሩ በግልግል ዳኛ እንዲታይ ባላጋራዎቹን አግባባ። ዳኛው ለዳዳ አብዱላ 37,000 ፓውንድና ወጪውን ፈረደ። ተሸናፊው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይክፈል ቢባል ንግዱ ይፈርስ ስለነበር፣ ጋንዲ ዕዳው በረጅም ጊዜ ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል አሠሪውን ለመነና አስፈቀደ። ከዚያም ወዲህ የጠበቃ እውነተኛ ሥራ የተለያዩ ሰዎችን ማስታረቅ ነው ብሎ አመነ፤ በኋላ በያዛቸው በብዙ መቶ በሚቆጠሩ ጉዳዮችም ባለጉዳዮቹን ከችሎት ውጭ አስማማ።

የውሉ ዓመት ሲያልቅ በናታል ግዛት የሕንዳውያንን የመምረጥ መብት የሚነጥቅ ሕግ መቅረቡን ሰማ፤ ሕንዳውያኑም እንዲረዳቸው ስለ ለመኑት በዚያው ቀረ። በ1894 የናታል ጠበቆች ማኅበር ቢቃወመውም የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጠበቃነት ተቀበለው።

በናታል ከ1860 ጀምሮ በሸንኮራ አገዳ እርሻና በሌላም ሥራ ለአምስት ዓመት ውል የሚገቡ ድሆች ሕንዳውያን ይመጡ ነበር። እነዚህ የውል ሠራተኞች ጌታቸውን ትተው ቢሄዱ ነገሩ እንደ ተራ የውል ማፍረስ አይታይም፤ እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ያሳስራቸው ነበር።

ጋንዲ ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ባላሱንደራም የተባለ የታሚል ተወላጅ ወደ ቢሮው መጣ። ልብሱ ተቀዳዷል፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረዋል፣ ከአፉም ደም ይፈስሳል። የደበደበው አሠሪው ነበር። ባላሱንደራም የሚናገረው ታሚልኛ ብቻ በመሆኑ የጋንዲ ጸሐፊ አስተረጐመለት። ሰውየው ጥምጥሙን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር፤ የውል ሠራተኛ በአውሮፓዊ ፊት እንዲህ ማድረግ ልማዱ ነበርና። ጋንዲ ይህን ሲያይ አዝኖ ጥምጥሙን መልሶ እንዲያስር ነገረው።

ከዚያም ጋንዲ ባላሱንደራምን ወደ ሐኪም ልኮ የጉዳቱን ማስረጃ አጻፈና ከዳኛ ፊት አቀረበው። ዳኛው የመሐላ ቃሉን ተቀብሎ ለአሠሪው መጥሪያ አወጣ። ይሁን እንጂ የጋንዲ ዓላማ አሠሪውን ማስቀጣት አልነበረም። አሠሪው ቢቀጣም ውሉ እስካልተለወጠ ድረስ ሠራተኛው ተመልሶ በዚያው እጅ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ጋንዲ ሕጉን መርምሮ ውሉ ወደ ሌላ ሰው ሊዛወር እንደሚችል አገኘ፤ ሌላ አውሮፓዊ አሠሪም ፈልጎ ባላሱንደራምን ወደ እርሱ አዛወረው። የዚህ ነገር ወሬ በሠራተኞቹ መካከል ከተሰማ በኋላ የጋንዲ ቢሮ ደጃፍ ከድሆች ተለይቶ አያውቅም።

ጋንዲ በ1903 ቢሮውን በጆሐንስበርግ ከፈተ። በዚያን ጊዜ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሕንዳውያን የሚኖሩበትን ሰፈር ለማፍረስ ወሰነ። ነዋሪዎቹ ቦታውን የያዙት ለ99 ዓመት በተደረገ የኪራይ ውል ስለነበር ካሣ ይገባቸው ነበር። በተሰጠው ካሣ ያልተስማማ ሰው ለዚሁ ጉዳይ ወደ ተቋቋመ ችሎት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ችሎቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ግምት በላይ ከፈረደም ወጪውን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። መብቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የሚከራከርለት ሰው የሌለው ግን አይጠቀምበትም።

አብዛኞቹ ነዋሪዎች ጉዳያቸውን ለጋንዲ ሰጡ። እርሱም ችሎቱ ከሚፈርደው ወጪ ሌላ፣ ቢረታም ባይረታም ከእያንዳንዱ ውል አሥር ፓውንድ ብቻ እንደሚቀበል አስቀድሞ ነገራቸው። ከዚህም ላይ ግማሹ ለድሆች ሐኪም ቤት ወይም ለመሰል ተግባር እንዲውል አሳሰበ። ሰባ ከሚያህሉት ክርክሮች የተሸነፈው በአንዱ ብቻ ነው።

ጋንዲ ዋጋውን ከማሳነሱ ጋር ሐሰትን ፈጽሞ አይደግፍም ነበር። አንድ ቀን በክርክር መካከል ደንበኛው እንዳታለለው ሲያውቅ፣ ክሱ ውድቅ እንዲሆን ራሱ ዳኛውን ጠይቋል። ነገር ግን የጋንዲ ጉድለት ሳይነገር መታለፍ አይገባውም። በደቡብ አፍሪካ ሳለ የተሟገተው በተለይ ለሕንዳውያን ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጻፋቸው ጽሑፎችም የአገሩን ጥቁር ሕዝብ የሚያንኳስሱ ቃላት ይገኛሉ።

ከ1906 በኋላ ሕጉ ራሱ በደል ሲሆን በጥብቅና ብቻ እንደማይመለስ ስለተገነዘበ፣ ያለ ኃይል ድርጊት የሚደረገውን የእምቢታ ትግል ጀመረ፤ በተደጋጋሚም ታሰረ። በ1914 በናታል የውል ዘመናቸውን በጨረሱ ሕንዳውያን ላይ ይጣል የነበረው የሦስት ፓውንድ ግብር ተሠረዘ፤ ጋንዲም ከዚያ በኋላ ወደ ሕንድ ተመለሰ።

በ1917 በቢሃር ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ወደ ቻምፓራን ተጠራ። በዚያ የነበሩ ገበሬዎች ከሚያርሱት መሬት ከሃያው እጅ ሦስቱን፣ ኢንዲጎ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ተክል ለመሬት ባለቤቶች እንዲዘሩ ይገደዱ ነበር። ጋንዲ ጠበቆች ከእነዚህ ችግረኞች የሚቀበሉትን ከፍተኛ ክፍያ ሲሰማ ተገረመ። ፍርሃት ያደረበትን ገበሬ ሁሉ እያንዳንዱን ከችሎት ማቆም እንደማይጠቅመውም ተረዳ። ስለዚህ ጠበቆቹ ክፍያቸውን ትተው የገበሬዎቹን ቃል በጽሑፍ እንዲመዘግቡ ጠየቃቸው። በኋላ የነፃይቱ ሕንድ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ራጄንድራ ፕራሳድ ከእነዚህ ጠበቆች አንዱ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ቃል ከተጻፈ በኋላ መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1918 በወጣው ሕግም ያ ግዳጅ ተሻረ።

በ1922 ጋንዲ በፖለቲካ ትግሉ ምክንያት ስለተፈረደበት፣ በለንደን ማዕረጉን የሰጠው የጠበቆች ማኅበር ስሙን ከመዝገቡ ፋቀው። ጋንዲ ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በተወለደ በ78 ዓመቱ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሞተ። ማኅበሩ ስሙን ወደ መዝገቡ የመለሰው ከሞተ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው።

ከጋንዲ የጥብቅና ዘመን የምንማረው፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ማለት ብቻ እንደማይበቃ ነው። ባላሱንደራም ከአስከፊ ጌታ የዳነው፣ የጆሐንስበርግ ነዋሪዎችም ካሣቸውን ያገኙት አዲስ ሕግ ወጥቶላቸው አይደለም፤ የነበረውን ሕግ የሚያውቅ ሰው በቋንቋቸው አዳምጧቸው፣ በአቅማቸው ልክ አስከፍሏቸው ስለቆመላቸው ነው። ደጅ ጠንቶ የሚመለስ ድሃ ባለበት አገር፣ የተማረ ሰው ዕውቀት ከዚህ የበለጠ ማገልገያ አያገኝም።